ሰባተኛው አካፋ

ሐርቡ ላይ፣ ከቦርከና ወዲህ ባለው ሰፈር
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቅሬው መዝገብ ከኔ ዘንድ ነበር።
ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣
አርባ ስድስት አግዳሚ፣ አራት ሸራ፣ አንድ ቃሬዛ፣
አንድ ጥሩምባ፣ ሰባት አካፋ ለመሬት።
ድስቱ ብቻ ድሮም ሁለት ነው፤
ጆሮው ላይ ነጭ ጨርቅ የታሰረው፣
ጨርቅ የሌለው።
አራጁ ሁለት፣ ቢላው ሁለት፣
ዳሱ ግን አንድ፣ ግራ ቀኝ ተቀምጠን የምናለቅስበት።
ማንም በዚህ አልተቀየመም፣
ማንም ግጥም አልጻፈበትም።

አምና በሰኔ ከወደ ከተማ አንድ ወጣት መጣ፣
ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ማኅተም ከኪሱ የሚያወጣ።
«ድስት የለያችሁ ሰዎች፣ ሬሳ ስለምን ትቀላቅላላችሁ?
ለመሆኑ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ?»
የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሸጋው ሳቀ፤
«እኔማ አውቃለሁ፤ ባለዕዳ ነኝ» ሲል ሰዉ በሳቅ ወደቀ።
ሳቁ ግን ከመስከረም አልሰነበተ፤
በመስከረም ሦስት ሰው ከአግዳሚው ተነሥቶ ለብቻው ተጎለተ።
በጥቅምት ስድስት። በኅዳር፣ ገበያው ላይ፣
«እነሱ» የሚል ቃል ሰማሁ፣ ከማውቀው አፍ፣ ከፓፓያው ክምር በላይ።
ቃሉ ድሮም ነበረ፤ ስለ ዝንጀሮ ስናወራ፣
ማሽላ ስንጠብቅ፣
«እነሱ መጡ» ስንባባል፣ ሲወርዱ ከተራራ።

በታኅሣሥ ተወሰነ፤ ይከፈል።
ሁለት እስክሪብቶ ሰጡኝ፣ ቀይና ሰማያዊ፣
ገጹን በማስመሪያ እንድከፍል።
አልክድም፤ መስመሯ ቀጥ ያለች ነበረች፤
እጄም አልተንቀጠቀጠች።
ይማም አራጋው፣ እሺ።
ታረቀኝ እንድሪስ፣ ቆይ፣ እሱን ዝለለው።
ሙሄ ገብረኪዳን፣ ልጁ ዮናስ ሙሄ፣ የልጅ ልጁ ጀማል ዮናስ፤
ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣
አንድ ጣሪያ ሥር፣ እስከ ልጅ ልጅ ድረስ።
ሰማንያ ሰባተኛዋ፣ ወርቄ ጦይብ፣ ከጓሮ ተጠራች፤
ሽንኩርት የላጠ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መስመሬን አየች።
«ባሌን ማን ቀበረው?» ዝም አልኩ።
«አንተ ነህ። ቦርከና ሞልቶ፣ እስከ ወገብህ ገብተህ፣
ቃሬዛውን አሻግረህ።» ዝም አልኩ።
«እንግዲያ ጻፍ፤ ወርቄ፣ የቀባሪዎቿ ወገን።»
የዚህ ዓምድ የለም አልኳት።
«አስምርበታ፤ ማስመሪያው እጅህ ላይ አይደል?»
አለችና ዘጋችው በሩን።

አንባቢዬ፣ አንተም እስካሁን ስሜን ስትፈልግ ነበር፤
ከቀዩ ነው ከሰማያዊው እያልክ ቃሌን ስትበረብር።
ተው።
እኔም የጀመርኩት እንደዚያው፣ በማንበብ ነበር።

አግዳሚው ሃያ ሦስት በሃያ ሦስት። ሸራው ሁለት በሁለት።
ጥሩምባው ለጊዜው የጋራ ይሁን ተባለ።
አካፋው ግን ሰባት።
ሦስት ሦስት ወስደው በቀረው ተጨቃጨቁ እስከ ምሽት፤
ይሸጥ ያለ ነበር፣ ይቆረጥ ያለ ነበር፣
እጀታው ለአንዱ፣ ብረቱ ለአንዱ፣
የምሩን፣ ያለ ሀፍረት።
ሲደክማቸው «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉ፤
ከአልጋዬ ሥር አደረግሁት።
የመጨረሻው ጭቃ ደርቆበታል፤
የማን መቃብር እንደነበረ አላስታወስኩት።

ትናንት ሌሊት ዝናብ ነበር፤
ጥሩምባ ነፊው አበጋዝ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ሰማሁት፣ ሲደናገር፤
ወደ ላይኛው ሰፈር አንዴ ነፋ፣
ወደ ታችኛው ጀመረና ተወው።
ተነሣሁ። አጎንብሼ ጎተትኩት፣ ያን አካፋ።
በሩን ስከፍት ደጄ ደርሷል፣
ጥሩምባው ውስጥ ዝናብ ገብቶ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ማን ሞተ?» ነበረ የምለው፣
ጫማ ሳላጠልቅ፣ ልቤ ፈርቶ።
ትናንት ሌላው ቀደመኝ፣ ከአፌ ወጥቶ፤
«ከየትኛው?»

አበጋዝ አልመለሰም።
እኔን አየ፤ ከዚያ እጄን።
ያ የከረመ ጭቃ በዝናቡ ረጥቦ
እግሬ ላይ ይንጠባጠባል።